ግርሻ በአራዳ፦ የአንድ ትኩሳትና የደም ምርመራው ታሪክ

ጊዮርጊስ አካባቢ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ካርድ አውጥቶ፣ ደም ሰጥቶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥቂት ጠብቆ የሚቀበለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ኦ»፣ «ኤች»፣ «ኦኤክስ 19» የሚሉ ምልክቶች በአንድ ወገን፣ 1:80 ወይም 1:160 የሚሉ ቁጥሮች በሌላው ወገን ተጽፈዋል። ሐኪሙ አየት ያደርግና «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይላል። ታማሚው መድኃኒቱን ገዝቶ ይሄዳል። ወረቀቱ በእርግጥ ምን እንደተናገረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄው ጊዮርጊስ ባለበት የአዲስ አበባ ሰፈር፣ በአራዳ፣ የቆየ ነው። አራዳ ከጥንስሷ ጀምሮ በትኩሳት ስትታመስ የኖረች ሰፈር ናት፤ ከትኩሳቶቹም አንዱ፣ ዛሬ ብዙ ከተሜ ስሙን የረሳው ግርሻ፣ የደም ምርመራ ውጤት እንዴት መነበብ እንዳለበት ከየትኛውም በሽታ አብልጦ አስተምሯል። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ክርክር ያስነሳው የላይም በሽታም የዚሁ የግርሻ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ቦሬሊያ ከሚባሉ፣ እንደ ጠምዛዛ ክር ከሚታዩ ባክቴሪያዎች የሚመጡ ናቸው። ላይምን የሚያስተላልፈው መዥገር ሲሆን፣ አዲስ አበባ የምታውቀውን ግርሻ የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማዋ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጀምሮ ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ አሞሌው፣ ቆዳው፣ ቡናው፣ በቅሎው፣ አቡጀዲው ሁሉ እዚያ ይሸጣል። አዋጅ የሚታወጀው፣ ወንጀለኛም በአደባባይ የሚቀጣው እዚያው ነው። ቅዳሜ ሲሆን ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ነጋዴ፣ ጌታውን ተከትሎ የገባ ወታደር፣ ሥራ ፍለጋ የወረደ ገበሬ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ምጽዋት የሚጠብቅ የኔ ቢጤ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ይተሻሻል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ የክረምቱ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ለደሀው ቀን የሚለብሰው ጋቢ ማታ ብርድ ልብሱም ነው። አውልቆ የሚያጥበው ቅያሪ የለው፤ ቢኖረውም በሐምሌ ዝናብ የት ያደርቀዋል?

ለልብስ ቅማል ከዚህ የተመቸ ኑሮ የለም። የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል የሚለየው እንቁላሉን በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ በመጣሉ ነው። ገላ ላይ የሚወጣው ደም ሊመጥ ብቻ ነው። የሚመቸውም መጠነኛ የገላ ሙቀት ስለሆነ፣ ባለቤቱን ትኩሳት ሲያነደው ትቶት ጎን ወደተኛው ሰው ይሻገራል። ቤተሰብ፣ የጦር ሰፈር፣ ወህኒ ቤት ወይም በረንዳ ላይ ተጠጋግተው የሚያድሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚያያዙት በዚህ መንገድ ነው።

ከአድዋ ጦርነት በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል ከፈተ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእርሱን ፈለግ ተከትሎ ቆመ። ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 በከተማዋ መድኃኒት ቤት ከፈተ። እነዚህ ግን የሚደርሱት ለጥቂቱ ነበር። ለአብዛኛው የአራዳ ሰው ትኩሳት ሲይዘው የመጀመሪያው መድኃኒት ዳማከሴ ነው፤ በሽታው ምች ነው ተብሎ ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂውም ይጠጣል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም ከጓዳ አይጠፉም። ካልተሻለው ወደ ጠበል ይሄዳል። ሰዎቹ ትኩሳትን በዓይነቱ ይለዩ ነበር፤ ቆላ ወርዶ የተመለሰውን የሚይዘው ወባ ወይም ንዳድ ሌላ ነው፣ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመተው ተስቦ ሌላ ነው፣ ለቀቀኝ ሲሉት ተመልሶ የሚጥለው ደግሞ ሌላ። ይህ የመጨረሻው ግርሻ ነው።

በ1911 ዓ.ም ኅዳር ላይ የገባው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ፣ የእኛ ሰው «የኅዳር በሽታ» ያለው፣ በአዲስ አበባ ብቻ አስር ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠልና መንደሩን የማጠን ልማድ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ቆይቷል። የኅዳር በሽታ ግን መጥቶ የሄደ ነው። ግርሻና ታይፈስ በየክረምቱ ይመለሱ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ቅማል፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት ሰው ላይ ስለሚመጡ በዓይን ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት ለሐኪምም ከባድ ነበር።

መለየት የተቻለው በማይክሮስኮፕ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ኦበርማየር እ.ኤ.አ. በ1868 በበርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል በትኩሳት ላይ ካሉ ታማሚዎች በወሰደው ደም ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ቀጫጭን ክሮች አየ። ያየውን እስከ 1873 ድረስ አላሳተመም፤ በዚያው ዓመትም ኮሌራ ገደለው። አስተላላፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሌላ 40 ዓመት ፈጀ። ቱኒስ ላይ ይሠራ የነበረው ሻርል ኒኮል ታይፈስን የሚያዛምተው ቅማል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1909 አሳየ፣ ለዚህም በ1928 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የግርሻንም ምስጢር እርሱና ባልደረቦቹ በ1912 እና በ1913 ፈቱት። ባክቴሪያው የሚኖረው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ እንጂ በአፉ ውስጥ ስላልሆነ ንክሻው ብቻውን አያስተላልፍም። ሰው ሲያክከው ቅማሉን ይጨፈልቀዋል፤ ፈሳሹ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ አንድ ቅማል ብዙውን ጊዜ በሽታውን የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፣ ያውም በሞቱ። ወደ እንቁላሉም አያስተላልፈውም፤ በሽታው ያለ ሰው መኖሪያ የለውም። ልብስ መቀቀል ብቻውን ወረርሽኝ የሚያስቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያገረሽበት ምክንያትም ከደም ምርመራው ጋር የተያያዘ ነው። ባክቴሪያው ደም ውስጥ ገብቶ ሲራባ ትኩሳቱ በድንገት ይነሳል፤ ብርድ ብርድ ይላል፣ ራስና መገጣጠሚያ ያማል፣ ነስር ይመጣል፣ አንዳንዱ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ከአምስትና ስድስት ቀን በኋላ ሰውነት የሚከላከልበትን አንቲቦዲ ያመርትና ባክቴሪያውን ያጸዳል። ታማሚው በላብ ተጠምቆ ይነሳል፣ ዳንኩ ብሎ ወደ ገበያው ይመለሳል። ጥቂቶቹ ባክቴሪያዎች ግን የውጭ ፕሮቲናቸውን ለውጠው ተርፈዋል፤ የተመረተው አንቲቦዲ አያውቃቸውም። እነሱ ተራብተው ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳቱ ይመለሳል።

ይህ ማለት ደም የሚወሰድበት ቀን ውጤቱን ይወስናል ማለት ነው። ትኩሳቱ በነደደበት ሰዓት የተወሰደ አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ተዘርግቶ፣ በጂምሳ ወይም በራይት ቀለም ተቀብቶ ማይክሮስኮፕ ስር ሲገባ ጠምዛዛዎቹ ክሮች በቀይ የደም ሴሎች መካከል ይታያሉ። ቀለም ሳይቀባ ትኩስ ደም ከታየማ ሴሎቹን እየገፉ ሲሯሯጡ ይታያሉ። ያው ሰው ትኩሳቱ በለቀቀው በሦስተኛው ቀን ቢመረመር ግን ስላይዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «አልታየም» የሚለው ቃል ስለዚያች ጠብታና ስለዚያች ሰዓት ይናገራል፤ ሰውየው በሽታው የለበትም ማለት አይደለም። ልምድ ያላቸው የላቦራቶሪ ሰዎች «ትኩሳቱ ሲነሳ ተመለስ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ጣሊያን በያዘን አምስት ዓመት የአራዳ መልክ ተለወጠ። ትልቁ የሀገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ፣ ተዛወረ፤ ጊዮርጊስ አካባቢ የአውሮፓውያን መደብርና ቡና ቤት ሰፈር ሆኖ ፒያሳ የሚለው ስም ጸናበት። ቅማሉ ግን ከሕዝቡ ጋር ነበር፣ ጦርነቱም ለእርሱ ሠርግ ሆነለት። ነጻነት በተመለሰ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሮቢንሰን የተባለ ሐኪም በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ስለ አዲስ አበባ ግርሻ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከተማዋ በዚህ በሽታ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ላይ ስሟ ተደጋግሞ መነሳት ጀመረ። ፔኒሲሊን ገና ስላልተስፋፋ በዚያ ዘመን የሚሰጠው አርሴኒክ ያለበት፣ መጀመሪያ ለቂጥኝ የተሠራው መድኃኒት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከጊዮርጊስ ወደ ሰሜን፣ በጉለሌ በኩል ያለው ግቢው በ1960ዎቹ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የሰፈሩ ሰውና የታክሲ ረዳቱ ግን አሁንም «ፓስተር» ነው የሚሉት። ሆስፒታሎቹ ያልቻሉትን ምርመራ ወደዚያ መላክ ስለተቻለ፣ ደም ምርመራ የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ነገር እየሆነ መጣ።

የግርሻ ታሪክ በጣም የጠለቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተከፈተው የሕክምና ፋኩልቲ ውስጥ ያስተምሩ የነበሩት ኤልድሪድ ፓሪ፣ ከአንተኒ ብራይሰን፣ ከዴቪድ ዋረልና ከሌሎች ጋር ሆነው የአዲስ አበባን የግርሻ ታማሚዎች በቅርበት ተከታተሉ። የ62 ታማሚዎችን ዝርዝር ይዞ እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው ጥናታቸው ዛሬም ስለ በሽታው የሚጽፍ ሁሉ የሚጠቅሰው ነው።

ያተኮሩበት አንድ አስደንጋጭ ነገር ነበር። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን የተሰጠው ታማሚ ከአንድና ሁለት ሰዓት በኋላ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ከዚያ ትኩሳቱ ሲወርድ የደም ግፊቱም አብሮ ያሽቆለቁላል። አንዳንዱ በዚያው ይሞታል። ለማያውቅ አስታማሚ መርፌው የገደለው ይመስላል። በሕክምና ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለው ይህ መናወጥ የሚመጣው ግን መድኃኒቱ በመሥራቱ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ባንዴ ሲጠፉ ሰውነት ኃይለኛ የቁጣ ኬሚካሎችን ይለቃል። ስለዚህ በእነዚያ ሰዓቶች ታማሚው ተጋድሞ፣ ፈሳሽ እየተሰጠው፣ ግፊቱ እየተለካ ሊጠበቅ ይገባል። ሳይታከም እስከ 40 በመቶ ሊገድል የሚችለው ግርሻ በደንብ ሲታከም የሚገድለው ከ5 በመቶ በታች ነው።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ቁጥር 5 በአዲስ አበባ ይሠራ ነበር። ፒተር ፔሪንና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪም ጨምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በላንሴት ባወጡት ጥናት ግርሻም ሆነ ታይፈስ አንድ ጊዜ ብቻ በሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን እንደሚድን አሳዩ። ሁለቱን በሽታዎች ለይቶ የሚያሳይ ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ባይታወቅ እንኳ አንድ መድኃኒት ሁለቱንም ይይዛል። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ መናወጡን አስቀድሞ መከላከል ይቻል እንደሆነ ፈተሹ። ቲኤንኤፍ የሚባለውን የሰውነት ኬሚካል የሚያግድ አንቲቦዲ ከተሰጣቸው ታማሚዎች መናወጡ የያዘው ግማሾቹን ሲሆን፣ ካልተሰጣቸው ግን 90 በመቶ ያህሉን ያዘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ።

በመካከሉ 1983 ዓ.ም ነበር። የደርግ ሠራዊት ተበትኖ የቀድሞ ወታደሮች በየካምፑ ሲታጎሩ ግርሻ እንደገና ተነሳ፤ ላንሴት ላይም ስለ ወረርሽኙ ተጻፈ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሩሲያና ምሥራቅ አውሮፓ ላይ ሚሊዮኖችን የፈጀው በሽታ በዘመናችን የቀረው ሰው በተጨናነቀበትና ልብስ በማይለወጥበት ቦታ ብቻ ነው፤ በማረሚያ ቤት፣ በጎዳና፣ በአብነት ትምህርት ቤት፣ በስደተኛ መንገድ።

ስላይዱ ባክቴሪያውን ራሱን ያሳያል። ክሊኒኩ የሚሰጠው ወረቀት ግን ከዚህ የተለየ ምርመራ ነው፤ ልዩነቱን ለመረዳት ወደ አውሮፓ መሻገር ግድ ይላል። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 የታይፎይድ ታማሚ የደም ውሃ ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ሲቀላቀል ባክቴሪያዎቹ እንደሚጋጉ አስተዋለ። የሚያጋጋው አንቲቦዲው ነው። ደሙ ውሃ እየተጨመረበት እየቀጠነ ሲሄድ እስከ የትኛው ድረስ እንዳጋጋ የሚነግረው ቁጥር ነው 1:80 ወይም 1:160 የሚባለው። ወረቀቱ ላይ «ኦ» እና «ኤች» የሚሉት የዚህ የዊዳል ምርመራ ናቸው፤ ሁለተኛው ምርመራ፣ ኦኤክስ 19 የሚለው፣ የኤድመንድ ዋይልና የአርተር ፌሊክስ ነው። እነርሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኦስትሪያ ግንባር ከታይፈስ ታማሚዎች ያገኙት ፕሮቴውስ የተባለ ባክቴሪያ በታማሚዎቹ ደም ሲጋጋ አዩ። ፕሮቴውስ ታይፈስን አያመጣም። መልኩ በአጋጣሚ ከታይፈሱ ጀርም ጋር ስለሚመሳሰል አንቲቦዲው ተሳስቶ ይይዘዋል። የዋይል ፌሊክስ ምርመራ ከመነሻው የተገነባው በዚህ መመሳሰል ላይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ወረቀት የሚያሳየው ሰውነት ከዚህ በፊት ምን እንደገጠመው ነው። ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፤ ዓመታት ያለፉት የድሮ ታይፎይድም፣ ክትባትም፣ ሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አነባበብ ሁለት ደም ይጠይቃል፤ አንዱ ሲታመም፣ ሌላው ከሳምንት ወይም ከአስር ቀን በኋላ ተወስዶ ቁጥሩ በአራት እጥፍ መውጣቱ ይታያል። በከተማችን ደም የሚወሰደው ግን አንዴ ነው፤ ስላይድ ላይ ጠብ ተደርጎ በደቂቃዎች ይነበባል።

ምን ያህል እንደሚያሳስት በጳውሎስ ሆስፒታል የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ያሳያል። ታይፎይድ ከተጠረጠረባቸው 270 ታማሚዎች መካከል 88ቱ በዊዳል «አለባቸው» ተባሉ። ደማቸው ካልቸር ተደርጎ ባክቴሪያው ራሱ ሲበቅል ግን የታይፎይድና የፓራታይፎይድ ጀርም የተገኘው 11 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ካልቸርም የሚያመልጠው ስላለ ቁጥሩ ፍጹም አይደለም፤ ግን ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። ብዙው ሰው ያልያዘውን በሽታ መድኃኒት ይወስዳል፤ የያዘው ደግሞ፣ አንዳንዴ ግርሻ ራሱ፣ ሳይታይ ያልፋል። የግርሻ ታማሚ ደም ከሌላው የፕሮቴውስ ዝርያ፣ ከኦኤክስ ኬ ጋር፣ እንደሚጋጋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ተመዝግቧል። በቅማል የመጣ አንድ ትኩሳት ወረቀት ላይ የሌላ ትኩሳት ስም ለብሶ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

የላይም በሽታ እዚህ ላይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮኔቲከት ውስጥ ላይም በምትባል ትንሽ ከተማና በአካባቢዋ ልጆች ጉልበታቸው ሲያብጥ ሐኪሞች ተጨነቁ፤ አለን ስቲር የሚባል ሐኪም ጉዳዩን ሲመረምር መዥገር ላይ ጥርጣሬ ወደቀ። ጀርሙን ያገኘው ግን ዊሊ በርግዶርፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከኒው ዮርክ አካባቢ የመጡ መዥገሮችን ሆድ ከፍቶ ሲያይ ጠምዛዛ ክሮች ተገኙ። ሌላ ሰው ቸል ሊላቸው ይችል ነበር፤ በርግዶርፈር ግን በስዊዘርላንድ ተማሪ ሳለ የዶክትሬት ሥራው የአፍሪካን የመዥገር ግርሻ የሚመለከት ስለነበር ወዲያው ጠረጠረ። ባክቴሪያው በኋላ በስሙ ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ ተባለ።

ላይም በደም ውስጥ እንደ ግርሻ ስለማይበዛ ስላይድ አይሠራለትም፤ ምርመራው የግድ በአንቲቦዲ ነው። ስለዚህ ከዊዳል ጋር የነበረው ችግር ሁሉ ተከትሎት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዲርቦርን፣ ሚሺጋን ላይ በተደረገ ጉባኤ በሁለት ደረጃ እንዲሆን ተወሰነ። መጀመሪያ ኤላይዛ የሚባል የአንቲቦዲ ምርመራ ይሠራል፤ አጠራጣሪ ወይም ፖዘቲቭ ከሆነ ብቻ ኢሚውኖብሎት የሚባል ሁለተኛ ምርመራ ይከተላል፣ በእርሱም ላይ የሚታዩት መስመሮች ይቆጠራሉ። አይጂጂ ለሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ከ10 መስመሮች 5፣ አይጂኤም ለሚባለው ከ3 መስመሮች 2 መታየት አለባቸው። አይጂኤሙ የሚቆጠረው በሽታው ከጀመረ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን ከቆመ የማሳሳት ዕድሉ ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ቆዳ ላይ እየሰፋ የሚሄደው ቀይ ክብ ሲወጣ፣ አንቲቦዲው ገና ስላልተመረተ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ታማሚዎች ነጌቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዚያ ጊዜ ሐኪሙ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ታክመው የዳኑ ሰዎች ደግሞ ለዓመታት ፖዘቲቭ ሆነው ይኖራሉ። ዳግም መመርመር መዳንን አያሳይም።

ይህ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የተለየ ትርጉም አለው። እነዚህ ላይም ያለባቸው ግዛቶች ናቸው፤ ቤቱ አጠገብ ባለ ሣር ላይ ልጅ ያጫወተ ሰው መዥገር ሊይዘው ይችላል። በሌላ በኩል ግን ኢሚውኖብሎቱ ላይ ቶሎ የሚበራው 41 ቁጥር መስመር የባክቴሪያው መቅዘፊያ ጭራ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ፕሮቲን በሌሎች ጠምዛዛ ባክቴሪያዎችም ይገኛል። በልጅነቱ ግርሻ የያዘው፣ ወይም ቂጥኝ የነበረበት ሰው ደም የላይም ምርመራን ሊያሳስት ይችላል። እዚያ ያለው ሐኪም ስለ ግርሻ ላይጠይቅ ይችላል፤ ታማሚው ራሱ ቢነግረው ወረቀቱ በትክክል ይነበባል። ዱሮ አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት የያዘውን ሰው ሐኪሙ መጀመሪያ «ቆላ ወርደህ ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከተማዋ ወባ ስለሌለባት ነበር። ለላይምም ጥያቄው ያው ነው፤ የት ኖርክ፣ መቼ ጀመረህ፣ ከዚህ በፊት ምን ይዞህ ነበር?

የሁለቱ በሽታዎች ዝምድና ለአዲስ አበባ የመለሰው ውለታም አለ። የላይም ተመራማሪዎች ቦሬሊያን በላቦራቶሪ ለማብቀል የሚጠቀሙበት ምግብ፣ ቀድሞ ለግርሻ ባክቴሪያ ከተሠራው የተሻሻለ ነበር። የቅማሉ ግርሻ ባክቴሪያ ግን ከሰው ሰውነት ውጭ አልበቅልም ብሎ ብዙ ጊዜ አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሳሊ ከትለር፣ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ምግብ ከአዲስ አበባ ታማሚዎች ደም ለመጀመሪያ ጊዜ አበቀሉት። እ.ኤ.አ. በ2008 ሙሉ የዘር ካርታው የታተመውም ከኢትዮጵያ የመጣ ዝርያ ነው፤ የቅማሉ ባክቴሪያ በምሥራቅ አፍሪካ በመዥገር የሚተላለፈው የግርሻ ባክቴሪያ ብዙ ጂኑን ያጣ ቅርንጫፍ መሆኑ የታወቀውም ከዚያ ነው።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም በመልሶ ማልማት ብዙ አሮጌ ቤቶቿን አጣች፤ የነዋሪዎቿም ኑሮ ተለወጠ። ግርሻ በከተማዋ እንደ ድሮው አይታይም፣ ስለዚህም ስላይድ ላይ አይቶ የሚያውቀው ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ቁጥር ቀንሷል። በሽታው ግን ወደ ሌላ ቦታ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሊቢያና በሜዲትራኒያን በኩል አውሮፓ የደረሱ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች በኔዘርላንድ፣ በጀርመን፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ በከባድ ትኩሳት ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ የጠረጠሩት ወባ ነበር። በበርካታ ሆስፒታሎች ለወባ የተዘጋጀውን ስላይድ ይመለከቱ የነበሩ ባለሙያዎች በሥራ ዘመናቸው አይተው የማያውቁትን ጠምዛዛ ክር አገኙ፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ሰዓቶች ታማሚው የሚገጥመው መናወጥ ግን እነ ፓሪ አዲስ አበባ ላይ በሠሩት የ1970 ጥናት ቀድሞ ተጽፎ ነበር።